ማንቂያው ማን ዘንድ ደረሰ?

በሱዳን ከገዳሪፍ ወደ ወድ መደኒ በሚወስደው አስፋልት የሚጓዝ ሰው የፋውን ከተማ ሳያቋርጥ አያልፍም። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት የራሃድ መስኖ ልማት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሥራ የጀመረው ይህ ልማት 300 ሺህ ፈዳን ገደማ መሬት ይሸፍናል፤ ከዓባይ በፓምፕ የሚሳበው ውኃ በቦይ እየተጓዘ ጥጥና ለውዝ ያጠጣል። ሱዳናውያን ፋውን የሚያውቋት በዚሁ ነው።

ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ብዙ የትግራይ ሰዎች ግን ፋው ሲባል ትዝ የሚላቸው ድንኳን ነው።

በ1977 ዓ.ም. የድርቅ ዘመን ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ የትግራይ ገበሬ ቤቱን ዘግቶ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደደ። ጉዞውን ያስተባበረው ማኅበረ ረድኤት ትግራይ ሲሆን፣ የጦር አውሮፕላን እንዳያገኘው ሕዝቡ በብዛት የሚጓዘው በሌሊት ነበር። ድንበሩን የተሻገረው ሰው መጀመሪያ የሰፈረው በአትባራ ወንዝ አጠገብ ባለው ወድ ኮውሊ ነው። ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሞላ፤ በጋው ሲገፋ ውኃው አነሰ፤ ኩፍኝና ተቅማጥ ሕፃናቱን ጨረሳቸው። ስለዚህ በ1985 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች በጭነት መኪና እየተጫኑ የቦይ ውኃ ወዳለበት ወደ ፋው ተወሰዱ። አዲሶቹ ጣቢያዎች የራሳቸው ስም እንኳ አልነበራቸውም፤ ፋው አንድ፣ ፋው ሁለት እየተባሉ በቁጥር ተጠሩ።

እንዲህ ባለ ጣቢያ ውስጥ ጠዋት ጠዋት መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ትናንት ስንት ሰው ሞተ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን አይገኝም። ቤተሰብ የሞተበትን ሰው ከተናገረ የራሽን ካርዱ ላይ አንድ ሰው ይቀነስበታል፤ ከተረፉት ልጆች አፍ ላይ ዱቄት ይጎድላል። ስለዚህ ሬሳው በሌሊት ይቀበራል፣ ካርዱም እንዳለ ይቆያል። በዚያ ዘመን በስደተኞች ጣቢያ ከሠሩ የጤና ባለሙያዎች ልምድ የወጣው መፍትሔ ሁለት ክንድ ነበረው። አንደኛው፣ የመቃብር ቦታውን አንድ አድርጎ ቀንና ሌሊት ዘበኛ ማቆም። ሁለተኛው ብልሃት የሚታይበት ነው፦ ሰው ለሞተበት ቤተሰብ የመገነዣ ጨርቅ በነፃ መስጠት። ቤተሰቡ ጨርቁን ለመውሰድ ሲመጣ ሞቱ ይመዘገባል። ያ የጨርቅ መዝገብ የዛሬዎቹ የክትትል ሶፍትዌሮች ከሚሠሩት ሥራ የመጀመሪያውን ግማሽ ይሠራ ነበር።

ሁለተኛው ግማሽ ማሳወቅ ነው። ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ለማን ይነገራል? መቼ? ስንት ሲሆን?

«ስንት ሲሆን» ለሚለው መልስ ለመስጠት ፋውና ጎረቤቶቿ ለዓለም አስተዋጽኦ አድርገዋል። ማይክል ቶል እና ሮናልድ ዋልድማን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሐኪሞች በሶማሊያ፣ በሱዳንና በታይላንድ በሚገኙ የስደተኞች ጣቢያዎች የነበረውን የሞት መጠን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1988 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት አወጡ። የሱዳኑ ክፍል የምሥራቅ ሱዳን ጣቢያዎችን ይመለከታል። ከእንዲህ ያሉ ጥናቶች የተጠራቀመው እውቀት ዛሬ ማንኛውም የእርዳታ ሠራተኛ በቃሉ የሚያውቀውን ገደብ አስገኘ፦ በቀን ከ10 ሺህ ሰው 1 ሰው ከሞተ አደጋ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ገደቡ 2 ነው። 20 ሺህ ሰው በሰፈረበት ጣቢያ በቀን ሁለት ቀብር ማለት መስመሩ ላይ ቆሟል ማለት ነው፤ አምስት ቀብር ከሆነ ግን ሌሊቱን የሚተኛ ኃላፊ ሊኖር አይገባም።

ያኔ መስመሩ ሲታለፍ መልእክቱ የሚሄደው በሬዲዮ መገናኛ ነበር። ከጣቢያው ወደ ሸዋክ ወይም ገዳሪፍ፣ ከዚያ ወደ ካርቱም፣ ከካርቱም በቴሌክስ ወደ ጄኔቫ። ዛሬ ያው ሥራ በኢሜይል ይሠራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በደቡብ ሱዳን፣ በሰሜን ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ በባንግላዴሽ የሮሂንጋ ጣቢያዎችና በሌሎችም ቦታዎች የተጠቀመበት አንድ ሳጥን አለ። በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኢዋርስ ይባላል፤ የቅድመ ማስጠንቀቂያ፣ የማንቂያና የምላሽ ሥርዓት ማለት ነው። ሳጥኑ ሲከፈት 60 ያህል የእጅ ስልኮች፣ ላፕቶፖች፣ አንድ የአካባቢ ሰርቨር፣ በፀሐይ የሚሠራ ጄኔሬተርና ቻርጀር ይወጣል። ዋጋው 15 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ድርጅቱ እንደሚለው አንድ ሳጥን ግማሽ ሚሊዮን ሰው ለሚያገለግሉ 50 ክሊኒኮች ይበቃል። መብራት በሌለበት፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ እንዲሠራ ተብሎ የተሠራ ነው።

አሠራሩን በቅርብ ለማየት አንዲት ነርስ እናስብ። በድንኳን ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጣ የሳምንቱን መዝገብ ታጠቃልላለች። በስልኳ ላይ ያለው ቅጽ አጭር ነው፦ ወባ ስንት፣ ውኃማ ተቅማጥ ስንት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ስንት፣ ኩፍኝ የተጠረጠረ ስንት፣ ሞት ስንት። ሞልታ ትልካለች፤ ኔትወርክ ከሌለ ስልኩ ይዞት ይቆያል፣ ሲያገኝ ይልካል። ሰርቨሩ ቁጥሩን ተቀብሎ ከገደቡ ጋር ያስተያያል። ገደቡ ለሁሉም በሽታ አንድ አይደለም። ለኩፍኝና ለኮሌራ አንድ የተጠረጠረ ሰው ይበቃል። ለወባ እንዲህ ቢባል ግን በገዳሪፍ ክረምት ሰርቨሩ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ይውላል፤ ስለዚህ የዚህ ሳምንት ቁጥር ካለፉት ሦስት ሳምንታት አማካይ እጥፍ ሲሆን ብቻ እንዲናገር ይደረጋል። ገደቡ ከታለፈ ሶፍትዌሩ ለዚያ ወረዳ ወይም ጣቢያ ተጠሪ ተብለው ለተመዘገቡ ሰዎች ኢሜይልና የጽሑፍ መልእክት ይልካል።

ይሄን የሰማ የአዲስ አበባ የኮምፒውተር ባለሙያ ፈገግ ይላል፤ የየቀን ሥራው ነውና። ባንክ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም የቴሌኮም ማዕከል ውስጥ ሰርቨሮችን የሚከታተሉት ናጊዮስ እና ዛቢክስ የተባሉት ፕሮግራሞች የሚሄዱት በዚሁ ስሌት ነው። ናጊዮስ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ፤ ዛቢክስ በላትቪያዊው አሌክሲ ቭላዲሼቭ እጅ በ2001 ለሕዝብ ቀረበ። ዲስኩ 90 በመቶ ሲሞላ፣ ድረ ገጹ መልስ መስጠት ሲያቆም፣ የሰርቨር ክፍሉ ሙቀት ሲጨምር ለተረኛው ኢሜይል ይሄዳል። የሚለካው ነገር ይለያያል እንጂ ቅንብሩ አንድ ነው፦ ምን ይለካ፣ ከስንት ሲያልፍ፣ ለማን፣ በየት በኩል፣ መልስ ከጠፋስ ቀጥሎ ለማን።

ከእነዚህ ሁሉ ቀላሉ «በየት በኩል» የሚለው ነው፤ የሚገርመው ግን አብዛኛው ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው እዚያ ላይ መሆኑ ነው። የኢሜይል መላኪያው አድራሻ፣ ወደቡ (ብዙ ጊዜ 587)፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይሞላል። የላኪው ስም ከተላከበት ድርጅት ጋር መዛመዱን የሚያረጋግጡ መዝገቦች ካልተስተካከሉ የተቀባዩ ሰርቨር መልእክቱን ወደ አላስፈላጊ መልእክቶች ማኅደር ይወረውረዋል። በዚህ ምክንያት የጠፋ ማንቂያ ብዙ ነው። መፍትሔው ግን የታወቀ ነው፦ የሙከራ መልእክት ልኮ፣ ተቀባዩን ደውሎ «ደረሰህ? የት ነው ያገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ ቦታ ግን አይደረግም።

ስለ ኢሜይል የማይነገር ሌላ ባሕርይም አለ፤ ኢሜይል ታጋሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የተጻፈው የኢሜይል መላኪያ ደንብና በ2008 የወጣው ተተኪው ኢንተርኔት ገና የሚቆራረጥበትን ዓለም ታሳቢ ያደረጉ ናቸው። ተቀባዩ ሰርቨር ካልተገኘ ላኪው መልእክቱን ወረፋ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በሙከራዎቹ መካከል ቢያንስ 30 ደቂቃ እያሳለፈ አራትና አምስት ቀን ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ነው «አልደረሰም» ብሎ የሚመልሰው። ለልደት መልካም ምኞት ይህ ትዕግሥት ደግ ነው። ኮሌራ ግን ያልታከመን ሰው በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የሱዳን ዋና ዋና የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያዎች አገልግሎት በአብዛኛው አገሪቱ ተቋርጦ ነበር። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መስመሩ የተዘጋበትን ጊዜም አንባቢ ያስታውሳል። በእንዲህ ያለ ሰሞን ወረፋ ላይ የተቀመጠ ኢሜይል ላኪውን «ልኬአለሁ» ብሎ እንዲተኛ ብቻ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው ኢሜይልን ብቻውን አይተወውም፤ የጽሑፍ መልእክት፣ ሬዲዮ፣ ሌላው ቀርቶ በሞተር ሳይክል የሚላክ ወረቀት ይጨምርበታል።

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቁጥጥር ሥርዓት በመመሪያው ያስቀመጠው ሰንሰለት በዚህ ረገድ ጥሩ ነው። ወዲያው ሪፖርት መደረግ ያለበት በሽታ ሲጠረጠር ጤና ኬላው ለጤና ጣቢያው በ30 ደቂቃ ውስጥ ያሳውቃል፤ ጤና ጣቢያው በሌላ 30 ደቂቃ ለወረዳው፤ እንዲህ እያለ በየእርከኑ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ ወደ ፌዴራል ይወጣል። በስልክም ይሁን በሰው ይሁን መንገዱ አይገደድም፤ የሚገደደው ሰዓቱ ነው። የሰርቨር ባለሙያዎች የሚያደርጉትም ተመሳሳይ ነው፦ ተረኛው በ30 ደቂቃ ውስጥ «አይቻለሁ» ካላለ ፕሮግራሙ ለአለቃው ይጽፋል፣ አለቃውም ዝም ካለ ለበላዩ።

«ለማን» የሚለውን ጥያቄ ግን ማንም ኮምፒውተር አይመልሰውም። የ1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ታሪክ እዚህ ላይ መነሣት አለበት፤ ፋው ያ ሁሉ ሰው የደረሰው ማንቂያ ስላልተላከ አልነበረምና።

የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመው ከወሎው ረሃብ በኋላ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የራሱን የቅድመ ማስጠንቀቂያ ክፍል አደራጀ፤ ከየአውራጃው የዝናብ፣ የሰብልና የገበያ ዋጋ መረጃ ይሰበስብ ነበር። በአፍሪካ ደረጃ ከቀደሙት አንዱ ነው። መጋቢት 21 ቀን 1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ በሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ለጋሾችን አዲስ አበባ ላይ ሰብስቦ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለአደጋ መጋለጡን ተናገረ። በስሌቱ የሚያስፈልገው እህል 900 ሺህ ቶን ገደማ ነበር። ወደቡና መንገዱ ይህን ሁሉ አይችልም በሚል ግን የጠየቀው 450 ሺህ ቶን ነው። በዚያው ሰሞን የመጣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ልዑክ ደግሞ አገሪቱ ተቀብላ ማከፋፈል የምትችለው 125 ሺህ ቶን ነው ብሎ ጻፈ።

የለጋሽ መንግሥት ሹም ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጉዳይ ሦስት ቁጥር ተቀመጠ ማለት ነው። ትንሹን ለመያዝ ብዙ ምክንያት አላስፈለገውም። ኮሚሽኑ በየዓመቱ እርዳታ ይጠይቃል፣ ያጋንናል የሚል ሐሜትም ነበረ። ምዕራባውያኑ ደርግን አይወዱትም። ደርግም በበኩሉ ያን ዓመት ልቡ ያለው የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ ነበር። ማንቂያው ተላከ፣ ደረሰ፣ ተነበበ፣ ተቀመጠ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ እና ካሜራ ባለሙያው ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጹት ምስል ሲተላለፍ ነው ዓለም የተንቀሳቀሰው። በመጋቢትና በጥቅምት መካከል ሰባት ወር አለ። የትግራይ ገበሬ ወደ ሱዳን ለመውጣት የወሰነው በዚያ ሰባት ወር ውስጥ ነው።

ለዚህ ችግር የዘመኑ ሰዎች «የማንቂያ መሰልቸት» የሚል ስም አውጥተውለታል። በአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በሕሙማን አልጋ ዙሪያ ከሚጮኹት መሣሪያዎች ድምፅ ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ምንም ሕክምና የማያስፈልገው ነው ብሏል። ነርሷ ጆሮዋን ትዘጋለች፣ ድምፁን ትቀንሳለች፤ አንድ ቀን እውነተኛው ሲመጣ አትሰማውም። በቀን 200 ኢሜይል የሚደርሰው የሰርቨር ተረኛም ለመልእክቶቹ ልዩ ማኅደር ያበጅላቸውና ማኅደሩን አይከፍተውም። እረኛው «ተኩላ መጣ» እያለ መንደሩን ያሰለቸበት ተረት ለሁላችንም የታወቀ ነው፤ በተረቱ ግን የተበሉት በጎች ናቸው።

ስለዚህ ማንቂያ ሲቀናበር ከሁሉ የሚከብደው መቀነስ ነው። አንድ ሕግ አለ፣ በሁለቱም ሙያ ውስጥ ይሠራል፦ መልእክቱ የደረሰው ሰው ምንም ሊያደርግ የማይችል ከሆነ መልእክቱ አይላክለት። ለእርሱ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚነበብ ማጠቃለያ ይበቃዋል። ለሚችለው ሰው የሚላከው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ የሚነግር ይሁን። «ገደብ ታልፏል፣ እባክዎ ሥርዓቱን ይመልከቱ» የሚል ኢሜይል በሌሊት 8 ሰዓት የተቀሰቀሰ ሰው የሚያነበው ነገር አይደለም። በምትኩ እንዲህ ቢጻፍስ፦ «ኮሌራ የተጠረጠረ፣ 1 ሰው፣ ክሊኒክ 3፣ ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት። ገና አልተረጋገጠም። ናሙና ተወስዶ ዛሬ ይላክ፤ የክሊኒኩ ተረኛ ስልክ ከታች አለ።» ሁለት መስመር ነው፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ይደረግ የሚለው ሁሉ ገብቶበታል። «ገና አልተረጋገጠም» የምትለዋ ቃል ደግሞ ዋጋዋ ትልቅ ነው፤ ኢዋርስም ቢሆን ማንቂያ ከተነሣ በኋላ መጀመሪያ እንዲጣራ፣ ቀጥሎ አደጋው እንዲመዘን ያስገድዳል። ሳይጣራ ወደ ሚኒስትር የወጣ ወሬ ለሚቀጥለው እውነተኛ ማንቂያ መንገዱን ይዘጋል።

ተቀባዩም ሰው ሳይሆን ኃላፊነት ቢሆን ይሻላል። የድንበር አካባቢ ሠራተኛ ብዙ አይቆይም። የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ይዛወራል፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ኮንትራቱ ያልቃል፣ የግል አድራሻው ግን ሰርቨሩ ላይ እንደተመዘገበ ይቀራል። አሁን ናይሮቢ ወይም ቶሮንቶ የሚኖር ሰው ስለ አንድ ጣቢያ ተቅማጥ በየሳምንቱ ኢሜይል ሲደርሰው፣ በቦታው የተተካው ሰው ምንም አያውቅም። «የወረዳው ተረኛ» የሚል የጋራ አድራሻ ከተከፈተ ሰው ቢቀያየርም ማንቂያው አድራሻውን አይስትም።

አሁን ደግሞ ወደ ከባዱ ነገር፤ ዝምታ። በኮምፒውተርም በበሽታም ክትትል ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነው። ሰርቨሩ ራሱ ከወደቀ «ወድቄአለሁ» ብሎ ኢሜይል የሚልክ ማን ነው? ክሊኒኩ ከተዘረፈ፣ ነርሷ ከሸሸች፣ ሪፖርቱ ይቀራል፤ ካርታው ላይ ያ ቦታ ቀይ አይሆንም፣ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ደግሞ ለሩቅ ተመልካች ጤና ይመስለዋል። ለዚህ ነው የጤና ሪፖርት ቅጽ ላይ «የለም» ለማለት ባዶ መተው የማይፈቀደው፤ ዜሮ መጻፍ ግዴታ ነው። ዜሮ ማለት ሰው አለ፣ ፈልጓል፣ አላገኘም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ አገሮች ከሪፖርት አቅራቢዎቻቸው ቢያንስ 80 በመቶው በሰዓቱና በተሟላ ሁኔታ እንዲልኩ የሚጠይቀውም ለዚሁ ነው። በዛቢክስ ውስጥም «ለዚህን ያህል ደቂቃ ምንም መረጃ ካልመጣ ንገረኝ» የሚል መመዘኛ አለ። ከሁሉ አስቀድሞ መበራት ያለበት እርሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ማንም የማያስታውሰውም እርሱ ነው።

ከ1985ቱ ታሪክ አንድ ነገር እዚህ ጋ ጣል ማድረግ ይገባል። በዚያው ዓመት ክረምት ሲቃረብ ከ50 ሺህ በላይ የትግራይ ስደተኞች «ሂደን እንዘራለን» ብለው ከጣቢያዎቹ ወጡ። የውጭ ድርጅቶች ብዙዎቹ በመንገድ ያልቃሉ ብለው ተቃወሙ። ገበሬው ግን የራሱ የመረጃ መረብ ነበረው፤ ከአገር ቤት የሚመጣ መንገደኛ የትኛው ወረዳ ዝናብ እንዳገኘ ይነግረዋል። እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ድረስ አብዛኛው ስደተኛ በዚሁ መንገድ ወደ አገሩ ተመለሰ። የጄኔቫ ሪፖርት ያልያዘውን እርሱ ይዞ ነበር። የክትትል ሥርዓት የሚሠሩ ሰዎች የሚከታተሉትን ሕዝብ የመረጃ ምንጭ ብቻ አድርገው ሲያዩ ይህን ይስታሉ፤ ማንቂያው ወደ ላይ ሲወጣ ለጣቢያው ኗሪ ምን ተነገረው የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ በብዙ ቅንብር ውስጥ ቦታ የለውም።

ገዳሪፍ ዛሬም የስደተኛ አገር ነው። የትግራይ ጦርነት በተነሣበት በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ.፣ በ1980ዎቹ ኢትዮጵያውያን የሰፈሩበት ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ፤ ቱናይድባ ተጨመረ። በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. በኋላ ደግሞ ሱዳናውያን ራሳቸው ተሰደዱ። በታኅሣሥ 2023 ወድ መደኒ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ስትወድቅ ፋው የጦር ግንባር ደጃፍ ሆነች፤ በጥር 2025 ወድ መደኒን ያስመለሰው የሱዳን ጦር ከገሰገሰባቸው አቅጣጫዎች አንዱም በፋው በኩል ነው።

በዚህ መሐል መስከረም 26 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. የሱዳን ጤና ባለሥልጣናት በገዳሪፍ የኮሌራ ወረርሽኝ መግባቱን አስታወቁ። በዚያው ሰሞን ከመተማ በኩል ኢትዮጵያ የገቡ ስደተኞች በሰፈሩበት በኩመር ጣቢያም ኮሌራ ነበረ። የድንበሩን ከተሞች፣ የሱዳኗን ገላባትንና የኢትዮጵያዋን መተማ ዮሐንስን፣ የሚለያያቸው አንድ ትንሽ ድልድይ ነው። ማለዳ ገላባት ቡና የጠጣ ሰው ረፋድ ላይ መተማ ይደርሳል፤ ባክቴሪያውም እንዲሁ።

ማንቂያውስ? በመደበኛው የዓለም አቀፍ የጤና ደንብ መንገድ ከሄደ ጉዞው ረጅም ነው። ደንቡ ከሰኔ 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን እያንዳንዱ አገር አንድ ብሔራዊ የግንኙነት ቢሮ እንዲኖረው ያዝዛል። ሱዳን በዓለም ጤና ድርጅት አከፋፈል የምሥራቅ ሜዲትራኒያን አካባቢ አባል ናት፣ ቢሮው ካይሮ ነው። ኢትዮጵያ የአፍሪካ አካባቢ አባል ናት፣ ቢሮው ብራዛቪል ነው። የገላባት ክሊኒክ የጠረጠረው ኮሌራ ከገዳሪፍ ወደ ሱዳን ፌዴራል ጤና ሚኒስቴር፣ ከዚያ ወደ ካይሮ፣ ከካይሮ ወደ ብራዛቪልና አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ወደ ጎንደር ዞኖችና ወደ መተማ ሊወርድ ነው። በእግር ደቂቃዎች የሚፈጀውን ርቀት ለመሻገር ኢሜይሉ አህጉር ይዞራል። በሁለቱ ከተሞች ያሉ የጤና ሠራተኞች ስልክ ተለዋውጠው ቢደዋወሉ ነገሩ ያልቃል፤ እንዲህ ያለው ግንኙነት ግን በሰው መልካም ፈቃድ ላይ የቆመ በመሆኑ ሰውየው ሲዛወር አብሮ ይሄዳል።

መልእክት መላክ በራሱ ዋናው ማነቆ አለመሆኑን የሚያሳይ ቁጥርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የጤና ባለሙያዎች «7-1-7» የሚባል መለኪያ አቀረቡ፦ ወረርሽኝ በ7 ቀን ይታወቅ፣ በ1 ቀን ለሚመለከተው ይነገር፣ በ7 ቀን የመጀመሪያው ምላሽ ይጠናቀቅ። በኢትዮጵያ፣ በብራዚል፣ በላይቤሪያ፣ በናይጄሪያና በዩጋንዳ የደረሱ 41 ክስተቶች በዚህ መለኪያ ሲመዘኑ፣ 29ኙ በአንድ ቀን ውስጥ ተነግረዋል፤ ይኸኛው ከሦስቱ የተሻለው ውጤት ነው። በሰባት ቀን የታወቁት 22 ናቸው። ምላሹ በሰባት ቀን የተጠናቀቀላቸው ግን 20 ብቻ ነበሩ። ሦስቱንም ያሟሉት 11 ናቸው።

እንግዲህ በመተማ፣ በገዳሪፍ ወይም በሌላ በየትኛውም ቦታ የክትትል ሥርዓት የምትዘረጉ ባለሙያዎች፣ የኢሜይሉን ሳጥን ከሞላችሁ በኋላ ሥራው አለቀ አትበሉ። ዛሬ አንድ የሙከራ ማንቂያ ላኩና የደረሰውን ሰው ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ መቼ አየኸው፣ አሁን ምን ታደርጋለህ፣ ለማድረግስ መኪና፣ ነዳጅና የናሙና መውሰጃ አለህ ወይ? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ «የለም» ካለ ኢሜይሉ መድረስ ያለበት ነዳጁን ለሚፈቅደው ሰው ነው። አድራሻውን ቀይሩት።